ሳይቸግር ጤፍ ብድር፦ የማዘርቦርድ አምራቾች አጋዥ ሶፍትዌር በምርምር ኮምፒዩተሮች ላይ ሊጫን ይገባልን?

መግቢያ

ለድኅረ ምረቃ ቤተ ሙከራ የተገዛ አዲስ ኮምፒዩተር ተገጣጥሞ፣ ዊንዶውስ ተጭኖበትና የኔትወርክ ገመድ ተሰክቶለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ ብዙ ጊዜ በማያ ገጹ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ ትላለች። የማዘርቦርዱን አምራች አጋዥ ሶፍትዌር አውርደን እንጫንልዎ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ተማሪው ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚያስፈልገውን ስሌት ለመጀመር ቸኩሏል፤ አማካሪው ውጤት እየጠበቁ ነው፤ ስለዚህ «እሺ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ማንም ሰው ውሳኔ እንደተወሰነ አያስተውልም።

የዚህ አጭር ጽሑፍ አቋም ይህ ውሳኔ ከሚገባው በታች ትኩረት እየተሰጠው ነው የሚል ነው። የምርምር መረጃ በሚቀመጥባቸውና የምርምር ስሌት በሚከናወንባቸው ኮምፒዩተሮች ላይ የማዘርቦርድ አምራቾች አጋዥ ሶፍትዌር በመደበኛነት ሊጫን አይገባም። ሊጫን የሚችለው ሌላ መንገድ በሌለበት፣ ለተወሰነ ጉዳይና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ስል ባዮስ አይታደስ ወይም የሃርድዌር ድራይቨር አይጫን ማለቴ አለመሆኑን ከወዲሁ ላስገነዝብ እወዳለሁ፤ ልዩነቱ ከታች ይብራራል።

ሶፍትዌሩ ምንድን ነው? በምን መንገድስ ይገባል?

የአሱስ «አርመሪ ክሬት»፣ የጊጋባይት «ኮንትሮል ሴንተር»፣ የኤም.ኤስ.አይ «ሴንተር» እና የሌሎች አምራቾች መሰል ፕሮግራሞች ተቀራራቢ ተግባር አላቸው። የማራገቢያዎችን ፍጥነት ይቆጣጠራሉ፤ የሙቀትና የቮልቴጅ መጠን ያሳያሉ፤ የጌጥ መብራቶችን ቀለም ይቀያይራሉ፤ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከተወሰነለት ልክ በላይ ያሳድጋሉ፤ ድራይቨሮችንና ባዮስን ያድሳሉ። ከእነዚህ ተግባራት አብዛኞቹ ለጨዋታ ተጠቃሚዎች ታስበው የተሠሩ ናቸው።

ፕሮግራሞቹ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገቡበት መንገድ ግን ከተለመደው ሶፍትዌር የተለየ ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ «የዊንዶውስ ፕላትፎርም ባይነሪ ሠንጠረዥ» የተባለ አሠራር ዘርግቷል። በዚህ አሠራር መሠረት በማዘርቦርዱ ቺፕ ላይ ያለው ፈርምዌር በውስጡ የያዘውን ፕሮግራም ለስርዓተ ክወናው ያቀርባል፤ ዊንዶውስም በሚነሣበት ጊዜ ያንን ፕሮግራም ወደ ዲስክ ገልብጦ ያስኬደዋል። የአሠራሩ መነሻ ምክንያት የሚያሳምን ነበር፤ ለምሳሌ የተሰረቀ ላፕቶፕን የሚከታተል ሶፍትዌር ዲስኩ ቢደመሰስም እንኳ ተመልሶ እንዲገኝ ለማድረግ ያገለግላል። ይሁን እንጂ የማዘርቦርድ አምራቾች ይኸንኑ በር ለራሳቸው አጋዥ ሶፍትዌር ማስገቢያ አደረጉት። በመሆኑም ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ የጫነ ሰው መስኮቷ ዳግም ብቅ ስትል ቢመለከት ሊደነቅ አይገባም፤ ምንጯ ዲስኩ ላይ አይደለችምና።

ይህ በር ራሱ ችግር ያልተለየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌኖቮ በዚህ አሠራር አማካይነት ይጭነው የነበረው ፕሮግራም የደኅንነት ክፍተት ተገኝቶበት ኩባንያው አገልግሎቱን አቋርጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ኤክሊፕሲየም የተባለው የፈርምዌር ደኅንነት ኩባንያ፣ አሠራሩ የአገልግሎት ጊዜው ባለፈበት ወይም በተሰረዘ ዲጂታል ሰርተፊኬት የተፈረመን ፕሮግራም ጭምር ይቀበል እንደነበር አሳይቷል። ሊኑክስ ይህን ሠንጠረዥ አንብቦ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም አያስኬድም፤ ስለዚህ ጉዳዩ በዋናነት የዊንዶውስ ተጠቃሚዎችን የሚመለከት ነው።

የሥልጣን ጥያቄ

ማራገቢያን ማዘዝ ወይም የፕሮሰሰር ቮልቴጅን መለወጥ ተራ ፕሮግራም የሚችለው ሥራ አይደለም። ይህን ለማድረግ በስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ማለትም በከርነል ደረጃ የሚሠራ ድራይቨር ያስፈልጋል። ድራይቨሩ የፕሮሰሰሩን ልዩ መዝገቦች፣ የግብዓትና ውጤት ወደቦችን፣ አንዳንድ ጊዜም የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ በሙሉ ማንበብና መጻፍ ይችላል። በንድፍ ረገድ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ድራይቨሩ ይህን ሥልጣን ለአምራቹ ፕሮግራም ብቻ ከመስጠት ይልቅ ለጠየቀው ፕሮግራም ሁሉ የሚያውል ሆኖ ከተሠራ፣ ተራ ተጠቃሚ የከፈተው ማንኛውም ፕሮግራም በእርሱ በኩል የከርነል ሥልጣን ሊያገኝ ይችላል።

ይህ በግምት የተነገረ ሥጋት አይደለም። ኤክሊፕሲየም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 ባቀረበው ጥናት ቢያንስ ከ20 አምራቾች የተሠሩና ሁሉም የማይክሮሶፍትን ማረጋገጫ ያገኙ ከ40 በላይ ድራይቨሮች እንዲህ ዓይነት ክፍተት እንዳለባቸው አሳውቋል። ከአምራቾቹ መካከል አሱስ፣ አስሮክ፣ ጊጋባይትና ኤም.ኤስ.አይ ይገኙበታል። ከዚህ የምንረዳው ነገር ቢኖር ዲጂታል ፊርማ የሚመሰክረው ሶፍትዌሩን ማን እንደሠራው እንጂ በጥንቃቄ መሠራቱን አለመሆኑን ነው።

ባለፉት ዓመታት የታየው

እ.ኤ.አ. ከጁን እስከ ኖቬምበር 2018 ባለው ጊዜ መዝባሪዎች በአሱስ የማደሻ ሥርዓት ውስጥ ሰርገው ገብተው፣ «ላይቭ አፕዴት» የተባለውን አጋዥ ፕሮግራም በኩባንያው ትክክለኛ ዲጂታል ፊርማ እንደተፈረመ ከነተንኮሉ አሠራጭተዋል። ድርጊቱን ካስፐርስኪ በጃንዋሪ 2019 ደርሶበት በማርች ይፋ አደረገው። ከራሱ ደንበኞች ብቻ ከ57,000 የሚበልጡት የተበከለውን ፕሮግራም ጭነው ነበር። የሚገርመው የአጥቂዎቹ እውነተኛ ዒላማ ወደ 600 የሚጠጉ የኔትወርክ ካርድ አድራሻዎች ብቻ መሆናቸው ነው፤ ሌላው ሁሉ መሸጋገሪያ ነበር። ፕሮግራሙ የላፕቶፖች ማደሻ ስለነበር ጉዳዩ በቀጥታ የማዘርቦርድ አይደለም፤ የአሠራሩ ዘመድ እንደሆነ ግን አያጠራጥርም።

የጊጋባይት አጋዥ ፕሮግራሞች ይጠቀሙበት በነበረው ድራይቨር ላይ የተገኘው ክፍተት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ይፋ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2020 «ሮቢንሁድ» የተባለው ራንሰምዌር ይህንኑ ድራይቨር ተጠቅሞ የደኅንነት ሶፍትዌሮችን ከሥራ ውጪ ያደርግ እንደነበር ሶፎስ አስታወቀ። በ2022 «ብላክባይት» የተባለው ሌላ ራንሰምዌር የኤም.ኤስ.አይ «አፍተርበርነር» የሚጠቀምበትን ድራይቨር ለተመሳሳይ ዓላማ አዋለው።

እነዚህ ሁለት ማስረጃዎች ግን በጥንቃቄ ሊነበቡ ይገባል። በሁለቱም ጥቃቶች አጥቂዎቹ ድራይቨሩን ራሳቸው ይዘው መጥተው ነው የጫኑት፤ ስለዚህ ተጠቂው አጋዥ ሶፍትዌሩን ጭኖ መገኘት አላስፈለገውም። «ታዲያ አለመጫኔ ምን ፈየደ?» የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ እንዲህ ነው፦ አጥቂው ድራይቨር ከውጭ አምጥቶ ለመጫን አስቀድሞ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሊኖረው ግድ ነው። ድራይቨሩ አስቀድሞ ተጭኖ ሲሠራ ከተገኘ ግን ይህ ደረጃ ይቀርለታል። ከኢሜይል አባሪ የተከፈተ ተራ ፕሮግራም ሳይቀር መሰላሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አለመጫን አደጋውን ሁሉ አያስቀርም፤ ለአጥቂው ይቀርለት የነበረውን ድካም ግን ይመልስበታል።

በሜይ 2023 ኤክሊፕሲየም ከ270 በላይ የጊጋባይት የማዘርቦርድ ሞዴሎች በፈርምዌራቸው ውስጥ የማውረጃ ፕሮግራም እንደያዙ፣ ፕሮግራሙም ሌላ ሶፍትዌር ከሚያወርድባቸው አድራሻዎች አንዱ ምንም ዓይነት ምስጠራ የሌለበት መሆኑን ገለጸ። ይህ ማለት ተማሪውና የማውረጃው አገልጋይ በሚገናኙበት መስመር መካከል የተቀመጠ ሰው የሚወርደውን ፕሮግራም በሌላ ሊተካው ይችል ነበር ማለት ነው። አምራቹ ወዲያው የባዮስ ማሻሻያ አውጥቷል። በሜይ 2025 ደግሞ አሱስ «ድራይቨርሀብ» በተባለውና ከማዘርቦርዶቹ ጋር በሚቀርበው የድራይቨር ማውረጃ ውስጥ የነበሩ ሁለት ክፍተቶችን መድፈኑን አስታወቀ። ፕሮግራሙ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአምራቹ ድረ ገጽ ብቻ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የላኪውን አድራሻ የሚመረምርበት መንገድ ልል ስለነበር ስሙን አስመስሎ የተዘጋጀ ሌላ ድረ ገጽም ይቀበለው ነበር። ከክፍተቶቹ አንዱ ከ10 የ9.4 የአደጋ ደረጃ ተሰጥቶታል።

ከእነዚህ ክንውኖች አምራቾቹ ክፉዎች ናቸው የሚል መደምደሚያ አልስብም። ሁሉም ክፍተቶቹን ሲነገራቸው ውሎ አድሮ መፍትሔ ሰጥተዋል። ችግሩ ያለው በአወቃቀሩ ላይ ነው። የማዘርቦርድ አምራች የሚወዳደረው በሃርድዌር ዋጋና ጥራት ነው፤ አጋዥ ሶፍትዌሩ በነጻ የሚታደል ጭማሪ ነው። ከፍተኛውን ሥልጣን የያዘው ሶፍትዌር ዝቅተኛውን ትኩረት የሚያገኝበት ሁኔታ ተፈጥሯል።

ለተመራማሪ ለምን ይለያል?

ከላይ የተባለው ሁሉ ለማንኛውም የኮምፒዩተር ተጠቃሚ ይሠራል። ተመራማሪ ግን ሦስት ተጨማሪ ኃላፊነቶች አሉበት።

አንደኛው የልኬት ኃላፊነት ነው። የአንድን ስልተ ቀመር ፍጥነት የሚያወዳድር ተማሪ በጀርባ ሆኖ ዳሳሾችን በየጊዜው የሚጠይቅ፣ ማሻሻያ የሚፈልግና መብራት የሚቀያይር አገልግሎት በኮምፒዩተሩ ላይ ካለ የሚለካው የራሱን ሥራ ብቻ አይደለም። ይባስ ብሎም ሶፍትዌሩ የኃይል አጠቃቀም ሁኔታን በራሱ ሊቀይር ስለሚችል፣ ሰኞ የተለካውና ዓርብ የተለካው በተለያየ የፕሮሰሰር ፍጥነት የተገኘ ሊሆን ይችላል። በጽሑፉ የ«ዘዴ» ክፍል ውስጥ ይህ አይመዘገብም፤ ሌላ ተመራማሪ ውጤቱን ሊደግመው ሲሞክር ግን ይጋጨዋል።

ሁለተኛው የስሌት ትክክለኛነት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 ይፋ የሆነውና «ፕላንደርቮልት» የተባለው ጥናት፣ በሶፍትዌር አማካይነት የኢንቴል ፕሮሰሰርን ቮልቴጅ ዝቅ በማድረግ ፕሮሰሰሩ ሳይቆም የተሳሳተ የማባዛት ውጤት እንዲሰጥ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው ለደኅንነት ምርመራ ቢሆንም ትምህርቱ ለእኛም ይበቃል፦ የቮልቴጅና የፍጥነት ቅንብር ከልኩ ሲወጣ ኮምፒዩተር ሁልጊዜ ሰማያዊ ማያ ገጽ አሳይቶ አይወድቅም፤ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይሳሳታል። በአንድ ቁልፍ ንክኪ ፍጥነት እንጨምርልዎ የሚል ሶፍትዌር ለጨዋታ ምናልባት ያስደስት ይሆናል፤ ለሦስት ሳምንት ለሚሄድ የአየር ንብረት ወይም የሞለኪውል ሞዴል ግን የማይታይ ዕዳ ነው።

ሦስተኛውና በእኔ እይታ ዋነኛው ለምርምር ተሳታፊዎች የገባነው ቃል ነው። በጤና፣ በሥነ ልቦናና በማኅበራዊ ጥናት ዘርፍ የሚሠራ ተማሪ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ የስምምነት ቅጽ አስነብቦ፣ የሰጡኝ ቃል በምስጢር ይያዛል ብሎ ፈርሟል። ከቫይረሱ ጋር ስለሚኖር ሰው ወይም በቤቷ ውስጥ ስለተፈጸመባት በደል የተናገረች እናት የድምፅ ቅጂ የሚቀመጠው በዚያው ቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ላይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ሆኗል። ተሳታፊዋ እምነቷን የሰጠችው ለተማሪው ነው፤ ለማራገቢያ መቆጣጠሪያው አይደለም። ለምርምሩ አንዳች የማይጨምር ሶፍትዌር በከርነል ሥልጣን ከድምፅ ቅጂው አጠገብ ማኖር እውነትም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የተቃራኒው ወገን ክርክር

ይህን አቋም የሚቃወሙ ወገኖች ሊናቁ የማይገባቸው ነጥቦች አሏቸው። የመጀመሪያውና ጠንካራው ባዮስን ማደስ አስፈላጊ ነው፤ አጋዥ ሶፍትዌሩ ደግሞ ያስታውሰናል የሚል ነው። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ የኤ.ኤም.ዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በቮልቴጅ ምክንያት ሲቃጠሉ መፍትሔው የመጣው የቮልቴጅ ጣሪያውን 1.3 ቮልት ላይ በወሰነ የባዮስ ማሻሻያ ነው። በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች አለመረጋጋት ባሳዩ ጊዜም ኩባንያው ያወጣው ማይክሮኮድ ለተጠቃሚው የደረሰው በዋናነት በባዮስ ማሻሻያ ነው። ባዮሱን ያላደሰ ሰው ፕሮሰሰሩን ለዘለቄታዊ ጉዳት ሊያጋልጥ ይችል ነበር።

ሆኖም ይህ ክርክር የሚያረጋግጠው የማሻሻያውን አስፈላጊነት እንጂ የሶፍትዌሩን አይደለም። ታዋቂዎቹ አምራቾች ሁሉ ባዮስን ከራሱ ከባዮስ ውስጥ በፍላሽ ዲስክ ማደሻ መንገድ ሠርተዋል፤ የአሱስ «ኢዚ ፍላሽ»፣ የጊጋባይት «ኪው ፍላሽ»፣ የኤም.ኤስ.አይ «ኤም ፍላሽ» እና የአስሮክ «ኢንስታንት ፍላሽ» ለዚሁ የተሠሩ ናቸው። ይህ መንገድ በዊንዶውስ ውስጥ ከሚደረገው እድሳት የተሻለ መሆኑም ግልጽ ነው፤ በመካከል የሚያቋርጥ ሌላ ፕሮግራም የለምና። በአገራችን ሁኔታ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ቦታ በጀርባ ሆኖ ባዮስ ላድስ የሚል ሶፍትዌር አይመከርም። የባዮስ እድሳት ቀኑ ታስቦ፣ ኮምፒዩተሩ ከዩፒኤስ ጋር ተገናኝቶ፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ አዲስ ዊንዶውስ አንዳንድ ጊዜ የኔትወርክ ካርዱን ስለማያውቀው ያለ አጋዥ ሶፍትዌሩ ኢንተርኔት አይገኝም የሚል ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው። ግን አምራቾች እያንዳንዱን ድራይቨር በድጋፍ ገጻቸው ላይ ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ በሌላ ኮምፒዩተር አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። የኢንተርኔት ዳታ በሚከፈልበት ቦታ አንድን ድራይቨር ብቻ ማውረድ ሙሉውን የአጋዥ ሶፍትዌር ጥቅል ከማውረድ ይረክሳል። ማራገቢያን በተመለከተም ከባዮስ ገጽ ላይ የሙቀትና የፍጥነት መስመሩን አንዴ መወሰን ይበቃል። ሶፍትዌሩ በዚህ ረገድ የሚጨምረው ጥቂት ስለሆነ ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ይደርስበታል።

ሦስተኛው ነጥብ ክፍተት የሌለበት ሶፍትዌር የለም፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ክፍተት ይገኝባቸዋል የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ስርዓተ ክወና ከሌለ ሥራ የለም፤ አደጋውን የምንቀበለው በጥቅሙ ልክ ነው። አጋዥ ሶፍትዌሩ ሲመዘን አደጋው በከርነል ደረጃ፣ ጥቅሙ ግን በጌጥ መብራት ደረጃ ሆኖ ይገኛል።

ምን ይደረግ?

ለግለሰብ ተመራማሪ የምመክረው አጭር ነው። ኮምፒዩተሩ እንደተገዛ፣ ገና ከኔትወርክ ሳይገናኝ፣ ወደ ባዮስ ተገብቶ አጋዥ ሶፍትዌሩን በራሱ የሚያስወርደው አማራጭ ይዘጋ። ከዚያ ባዮሱ በፍላሽ ይታደስ። ከእድሳት በኋላ ቅንብሩ ወደ ነበረበት ሊመለስ ስለሚችል አማራጩ መዘጋቱ በድጋሚ ይረጋገጥ። የሚያስፈልጉት ድራይቨሮች ብቻ ከዊንዶውስ ማሻሻያ ወይም ከአምራቹ የድጋፍ ገጽ ይጫኑ። የግድ አጋዥ ሶፍትዌሩን የሚጠይቅ ጉዳይ ቢመጣ ተጭኖ ሥራው እንዳለቀ ይራገፍ፤ ከተራገፈ በኋላም ድራይቨሩ አለመቅረቱ ይታይ። በዊንዶውስ 11 ላይ ክፍተት ያለባቸውን የታወቁ ድራይቨሮች የሚያግደው ዝርዝር ከ2022ቱ ማሻሻያ ጀምሮ በመደበኛነት ይሠራል፤ አንድ አጋዥ ፕሮግራም እንዲሠራ ሲባል ይህን ጥበቃ የሚያጠፋ ሰው ቁልፉን ለቤቱ እንግዳ አስረክቦ የወጣ ያህል ነው።

ለትምህርት ክፍሎች የማቀርበው ሐሳብ ደግሞ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ግዢ ዝርዝር ሲዘጋጅ አቅራቢው ማሽኖቹን ያለ አጋዥ ሶፍትዌር፣ የባዮስ አማራጩን ዘግቶ እንዲያስረክብ የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመር። ወጪ የለውም። ሁለተኛው በስሌት ላይ የተመሠረተ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ በ«ዘዴ» ክፍሉ የባዮሱን ስሪትና የፕሮሰሰሩን የኃይል ቅንብር እንዲጠቅስ ይደረግ። ኬሚስት የሪኤጀንቱን ንጽሕና እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ስሌት የሚሠራ ተማሪም ስሌቱን የሠራለትን ማሽን ሁኔታ መጻፍ አለበት።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ የተነሣው ጥያቄ ለአንድ ኮምፒዩተር ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ አሥር ማሽኖች ካሉና ሁሉም በዚያች ትንሽ መስኮት ላይ በችኮላ በተጫነ «እሺ» ከተከፈቱ፣ የተማሪዎቹ ልኬት፣ የስሌታቸው ውጤትና የተሳታፊዎቻቸው ምስጢር በአንድ ለምርምሩ በማይጠቅም ሶፍትዌር ጥራት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። መስኮቷ ብቅ ስትል መጠየቅ ያለበት ሶፍትዌሩ ምን ይሠራልኛል የሚለው ብቻ አይደለም፤ ይህን ሥልጣን የምሰጠው በማን ስም ነው የሚለውም ጭምር ነው። በምርምር ኮምፒዩተር ላይ የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ በተሳታፊዎቻችን ስም የሚል ሆኖ ይገኛል፤ እነርሱ ደግሞ አልፈቀዱም።